በጣት መቁጠር ክልክል ነው

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደባርቅ ውስጥ ደመወዝ የምሠራ፣ ቫውቸር የማወራርድ፣ ሰኔ 30 ሲቃረብ እንቅልፍ የማጣ ሰው። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ዘንድሮ መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ሊማር እኔ ቤት ሲገባና ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ እንደማያውቅ ስደርስበት፣ ነገሩ ከጥቂት ሳምንት በላይ የሚፈጅ አልመሰለኝም። ለእናቱ ደውዬ "እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል?" አልኳት። እህቴ ሰው የተናገረውን አትረሳም፤ ይህችን ንግግሬን ምክንያት ባገኘች ቁጥር ታነሳብኛለች።

ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ እኔን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ቤተሰቦቹ የሚኖሩት ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ዛሪማ በሚወስደው ቆላ ነው። የትምህርት ዘመኑን ቁጭ ብሎ ላሰበው ሰው ፊደል መለየቱም ይገርማል። ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ በኮሮና ምክንያት የአገሩ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ሦስተኛን እንደነገሩ ጨርሶ ክረምት ሲገባ የ2013ቱ ጦርነት በአዲ አርቃይና በዛሪማ አልፎ እስከ ዳባት ወረዳዋ ጭና ዘለቀ። እነሱም ቤት ንብረታቸውን ጥለው ሽቅብ ወደ ደባርቅ ወጡ፤ እዚህ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ የተፈናቃይ ማደሪያ ሆነው ነበር። ተመልሰው ቀዬአቸውን ገና ሳይለምዱ 2016 መጣ፤ በክልሉ ሌላ ግጭት፣ ሌላ የተዘጋ በር። ማባዣ የሚለመድባቸው ዓመታት እንዲህ ተበሉ። ታች ክፍል ላይ ተማሪ አይጣልም፣ እየተገፋ ያልፋል፤ ስድስተኛን እንዴት እንዳለፈ ደግሞ ራሱም በደንብ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። በዚያ ክረምት ያረፉት እኔው ቤት ነበርና። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ሳምንት ለባለቤቴ የሰጠኋት ማብራሪያ "ልጁ ሰነፍ ነው" የሚል ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍርድ ልምዱ ነበረኝ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጥር 2015 ላይ ተነግሮ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ፣ ሻይ ቤት ተቀምጠን በትውልዱ ላይ ስንፈርድ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነበር። "ማባዣ እንኳ በቃላቸው አይዙም እኮ!" እያልኩ።

ሥራውን የጀመርኩት በመጽሐፍ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች የተማረችበትን የሒሳብ መጽሐፍ አንስቼ ሰጠሁት፤ ገጹ ሁሉ ጫጩትና ብርቱካን የተሳለበት። "ከሥር እንጀምር" አልኩት፣ በራሴ ትሕትና እየተደሰትኩ። የክፍል ጓደኛው ሊጠይቀው ሲመጣ መጽሐፉን ፍራሽ ሥር ሲወሽቀው አየሁ። አይቼም "ዕቃ በአግባቡ አስቀምጥ" ብዬ ተቆጣሁት። ጢሙ ሊወጣ የደረሰ ጎረምሳ ጫጩት ሲቆጥር መታየት እንደማይፈልግ ለመረዳት መምህር መሆን አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ ሰንጠረዥ መጣ። ከአንድ እስከ አሥር ያለውን ማባዣ በመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ፣ ያውም በቀለም፣ በትልቁ አትሜ (ወረቀቷን ማንም እንደማይቆጥራት ተስፋ በማድረግ) ከአልጋው በላይ ለጠፍኩለት። "በቃልህ ያዝ" አልኩት። ያዘ። ልጁ በሕፃንነቱ የአባቱ አባት ዘንድ፣ እሳቸው ቄስ ናቸው፣ ዳዊት የደገመ ነው፤ በዜማ መያዝ አይቸግረውም። የሰባትን ማባዣ አንዳች ሳይስት ከላይ እስከ ታች ወረደልኝ። ደስታዬ ልክ አጣ፤ ለእህቴ ደወልኩ። በማግሥቱ "ሰባት ጊዜ ስምንት?" አልኩት። ዝም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ለካ ከሰባት ጊዜ አንድ ተነስቶ እየወረደ ነው። ዜማው ሙሉ ነው፤ ከመሐሉ አንዷን ነጥሎ ማውጣት ግን አይችልም። ትልልቅ ቁጥር ማካፈል ላይ ሲደርስማ ለእያንዳንዷ እርምጃ ሰባትን ከራስ እስከ እግሩ ስለሚዘምር፣ ስምንት ላይ እስኪደርስ ምን እያካፈለ እንደነበር ይጠፋበታል። እኔ ይህን ሁሉ "ትኩረት የለውም" በሚል አንድ ቃል ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ቀጥዬ በጣት መቁጠርን ከለከልኩ። ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር ማየት ያሳፍረኝ ነበር። "እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ" አልኩት። ፖሊስ ጣቢያ እንደቀረበ ሰው ሁለቱንም መዳፍ ዘርግቶ ተቀመጠ። ይህም አልበቃኝ ብሎ የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ አመጣሁ፤ ለአንድ ጥያቄ ሦስት ሴኮንድ። ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ምናልባት ከቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ይሆናል። ስልኩ ሲጮህ ልጁ የሚያውቀውንም ይረሳ ጀመር፤ አምስት ጊዜ አምስትን ሳይቀር።

ልናገረው የማልወደው አሁን የሚመጣው ነው። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ማባዣ ትወዳለች፣ ፈጣን ናት፣ አባቷን ማስደሰትም ታውቅበታለች። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ፣ ብርዱም እንደምታውቁት የደባርቅ ብርድ ነውና፣ ጋቢ ተከናንበን ሁላችንም ከሰሉን ከበን ተቀምጠናል። የእህቴን ልጅ ስድስት ጊዜ ሰባት ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ወደ ልጄ ዞሬ "እስኪ አንቺ ንገሪው" አልኩ። "አርባ ሁለት!" አለች። "ስምንት ጊዜ ስድስት?" "አርባ ስምንት!" እንዲህ እያልን ቀጠልን፤ እኔ እየጠየቅሁ፣ እሷ እየመለሰች፣ እሱ እያዳመጠ። በሐሳቤ ቅናት ያተጋዋል ብዬ ነው። አባቴም በታናሽ ወንድሜ በኩል ይህንኑ አድርጎብኛል፤ ያኔ ምን እንደተሰማኝ ማስታወስ በተገባኝ ነበር። ልጁ በመጨረሻ "ጎበዝ ናት" አለ፤ በምፀት አይደለም፣ ከልቡ ነው። ከዚያ ተነስቶ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወጣ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ልጁ ውኃ ቀጂ ሆነ። ከቢሮ ስመለስ ጀሪካን ይዞ ሲወጣ በር ላይ እንገናኛለን። ከሰል ሊገዛ ይሄዳል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ማንም ሳይልከው ይላካል። ባለቤቴ አንድ ቀን በርሜሉን እያየች "ከተጋባን እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ይኼ ልጅ ከምን ቢሸሽ ነው?" አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ሰንጠረዡ የተለጠፈው ከፍ ብሎ ይሆን እንዴ እያልኩ ነበር የማስበው።

ከእንቅልፌ የነቃሁት በዝናብ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ከትምህርት ቤት በስብሶ መጣና ጫማና ካልሲውን ከሰሉ አጠገብ አድርቆ በባዶ እግሩ ተቀመጠ። ዶፉ ውኃ ልቅዳ የሚልበትን መንገድ ዘግቶበታል። እኔም ዕድሌን አላሳለፍኩም፤ ጠየቅሁት። እጆቹ እንደታዘዙት ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ዓይኔን ወደ ታች ስጥል የእግሩ አውራ ጣት ወለሉን ነካ ያደርጋል፣ ያነሳል፣ ነካ ያደርጋል። ለካ ይህን ሁሉ ሳምንት ጫማው ውስጥ ሲቆጥር ነው የከረመው።

ሳቅሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ልቡ ይነካ ነበር፤ እኔ ሳቅሁ። ልጁ ደንግጦ እግሩን ወንበሩ ሥር ሰበሰበ። "እጅ ነው እኮ ያሉኝ ጋሼ" አለኝ። በኦዲተር ዓይን ከታየ ልክ ነበር፤ እግርን የሚመለከት መመሪያ አላወጣሁም። ሳቄን የምሸፍንበት ነገር ሳጣ "እስኪ እንዴት እንደምትቆጥር አሳየኝ" አልኩት። ይህን ጥያቄ ያመጣው ብልኃት ቢሆን ዛሬ በኩራት እጽፈው ነበር።

ወጥመድ ይሆን ብሎ ለአፍታ አየኝና ጀመረ። "ሰባት ጊዜ ስምንት… ሰባትና ሰባት አሥራ አራት። ሁለት አሥራ አራት ሃያ ስምንት። ሁለት ሃያ ስምንት ሃምሳ ስድስት።" እግሩ የሚቆጥርለት ቁጥሩን ስንት ጊዜ እንዳጠፈ፣ ማለትም እጥፍ እንዳደረገ ብቻ ነው። ማን እንዳስተማረው ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። "ታዲያ ስድስት ጊዜ ሰባትን ምን ነካህ?" አልኩት። "እሷ እምቢ ትለኛለች። ሳጥፍ አራት ላይ እደርሳለሁ፣ ደግሜ ሳጥፍ ስምንት ላይ ነኝ። ስድስት ላይ አያቆመኝም።" እዚያ ሲደርስ አንድ አንድ እያለ ይቆጥራል፤ መሐል ላይ ሰው ካናገረው ወይም ሰዓት ከጮኸበት ከእንደገና።

(ቆይቼ እንዳነበብኩት አንዱን ቁጥር እያጠፉ ሌላውን ለሁለት እየከፈሉ ማባዛት በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት "የኢትዮጵያውያን ማባዛት" ተብሎም ይጠራል። የጥንት ግብፆችም የሚያባዙት በማጠፍ ነበር። ቤቴ ተቀምጦ ይህን በአውራ ጣቱ የሚሠራውን ልጅ እኔ በባለ ቀለም ሰንጠረዥ ስጨቀጭቀው ኖሬአለሁ።)

ያን ሌሊት ጋደም ብዬ ራሴን ፈተንኩ። ሰባት ጊዜ ስምንት፦ 49 ላይ 7። ስድስት ጊዜ ስምንት፦ 40 ላይ 8። ዘጠኝ ጊዜ ስድስት፦ 60 ሲቀነስ 6። በቃሌ ይዤዋለሁ ከምለው ማባዣ ስንቱን ከጎረቤቱ እየተበደርኩ እንደኖርኩ ሳይ እንቅልፌ ጠፋ። ከልጁ የምለየው እኔ ስበደር ማንም ባለማየቱ ነው።

ይህን ስነግረው አልተገረመም። "አባም እንደዚያው ናቸው" አለ፤ አያቱን ማለቱ ነው። መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ለማስታወቅ ባሕረ ሐሳብ ሲያወጡ አጠገባቸው ይቆማል። የዘንድሮውን አስረዳኝ። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518፤ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ይቀነስና ወንበር የሚባለው 12። ወንበሩ በ11 ይባዛል፣ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። መጥቅዕ የሚባለውን ቁጥር ለማግኘት ደግሞ ወንበሩን በ19 አባዝቶ በ30 መግደፍ ነው። "ግን አባ በ19 አያባዙም" አለኝ። "አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸው። 12ን ከ30 ያነሱና 18 ይላሉ።" እኔ የሒሳብ ሠራተኛው ስልኬን አውጥቼ 12ን በ19 አባዛሁ። 228። ሰባት ጊዜ 30 ሲነሳለት 18። አያቱ ትክክል ናቸው።

በማግሥቱ ሰንጠረዡን ከግድግዳው አውርደን መሬት ላይ ዘረጋነውና እስክሪብቶ ሰጠሁት። "የማትፈራውን ሁሉ ሰርዝ።" አንድ መቶ ሳጥን ነው። የአንድን ሰረዘ፣ የአሥርን ሰረዘ፣ የሁለትን፣ የአምስትን፣ ወደ ታችም ወደ ጎንም። 36 ቀሩ። ከዚያ ሦስት ጊዜ አራትና አራት ጊዜ ሦስት አንድ መሆናቸውን ጠየቅሁት፤ እናቱ ድንች የምትሸጥ ናትና "ሦስት መደብ አራት አራት፣ አራት መደብ ሦስት ሦስት፣ ያው አሥራ ሁለት ድንች" ብሎ መንታዎቹን ሁሉ አጠፋ። 21 ቀሩ። የዘጠኝን ለማውጣት ኩራቴን ዋጥ ማድረግ ነበረብኝ። አሥሩንም ጣቶቼን ዘርግቼ፣ ለዘጠኝ ጊዜ ሰባት ሰባተኛዋን ጣት አጠፍኩ፤ በግራ ስድስት በቀኝ ሦስት፣ ስልሳ ሦስት። ጣት የከለከለው ሰውዬ በጣት ሲያስተምር ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የሚስቅ ይመስለኛል። 15 ቀሩ።

"ይኼው ነው?" አለኝ።

ይኼው ነበር። ከነዚህም አራትና ስምንት ያለባቸውን ዘጠኙን በማጠፍ ይደርስባቸዋል። እምቢ የሚሉት ስድስት ናቸው፤ ከእነሱም ሦስት ጊዜ ሦስት ለወጉ ያህል ነው የምትቆጠረው። ደረሰኝ ከደረሰኝ አመሳክሬ እንጀራዬን የምበላ ሰው፣ ልጁ ያለበትን ዕዳ አንድም ቀን ሳልቆጥር ነበር ስጠይቀው የከረምኩት። እሱ ወደ እኔ አያይም፤ ስድስት ጊዜ ሰባት ላይ አፍጥጧል። "ጋሼ፣ ከሁለት ሳይሆን ከሦስት ጀምሬ ባጥፍስ?" ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ፤ ሲታጠፍ አርባ ሁለት። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ የሚወራለት አይደለም። የፓስታ ካርቶን በትንንሹ ቆርጠን ፊት ለፊቱ ላይ ጥያቄውን፣ ጀርባው ላይ መልሱን ጻፍን። ሦስት ሦስቱን ኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ራሱን ይጠይቃል፣ ከዚያ ይገለብጣል። ሦስቱ ሲለመዱ አዲስ ይጨመራል፣ የድሮዎቹም አልፎ አልፎ ይቀላቀላሉ። እያጠፉ መድረስ ጥሩ ነው፤ ግን ማካፈል መሐል ላይ ቆሞ ለማጠፍ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ እየዋለ እያደረ መፍጠን ነበረበት። ሰዓት ቆጣሪው ቀረ። አንድ ሕግ ደግሞ እሱ ራሱ አወጣ፦ እሱ ጠይቀኝ ካላለኝ አልጠይቅም። ይህን ሕግ ማክበር ለእኔ ማባዣ ከመያዝ ይከብድ ነበር፤ እራት ላይ "ስምንት ጊዜ…" ብዬ ጀምሬ ጉርሻዬን የምውጥባቸው ጊዜያት ነበሩ። ልጄም "እኔ እኮ አውቀዋለሁ!" እያለች አኮረፈች፤ እሷን ለማባበል ለእሱ ካስፈለገኝ ያላነሰ ትዕግሥት ፈጅቷል።

ለጥምቀት ወደ ቤተሰቦቹ ወርዶ ሲመለስ ካርዶቹን አላገኛቸውም፤ ከመልሶቹም ብዙዎቹ ከአእምሮው ጠፍተዋል። "ያ ሁሉ ድካም!" ብዬ ጮህኩ። ይህን የምነግራችሁ ተለወጥኩ ብዬ እንዳላታልላችሁ ነው። ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በቃሉ እየያዘና እየረሳ ራሱን ሲፈትን ኖሮ በ1885 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መጽሐፍ አውጥቷል፤ ሰው አዲስ የያዘውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ በፍጥነት ይረሳል፣ የረሳውን እንደገና ለመያዝ ግን ከመጀመሪያው ያነሰ ድካም ይበቃዋል። ይህን የማውቀው ከጮህኩ በኋላ ስላነበብኩ ነው። አዲስ ካርቶን ቆረጥን፤ እውነትም ያ ሁሉ ወር የፈጀው በጥቂት ምሽት ተመለሰ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቱ ተአምር የለበትም። ሒሳብ አልፏል፤ ከክፍሉ መሐል ገደማ ነው። እህቴ ስትደውል "ምነው፣ አንተ እያለህ?" ትላለች።

አሁን ክፍልፋይ ላይ ነን። ባለፈው ሳምንት ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል አመጣልኝ። "ሁለተኛውን ገልብጠህ ታባዛለህ" አልኩት። ገለበጠ፣ አባዛ፣ አገኘው። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ለምንድን ነው የሚገለበጠው ጋሼ?" አለኝ። ሕጉ ነው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። አሰብኩ። እንደገና አሰብኩ። ባለቤቴ ከምድጃው በኩል ታየኛለች፣ ልጄም ደብተሯን አጥፋ ትጠብቃለች። ጀሪካኑን አንስቼ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።